ወረፋ እንዴት ይሠራል? ከኋላችን የቆመው ሰው

«አክስትዬ፣ ትናንት እኛ ቆመን በጎን በኩል እያለፉን የገቡት ሰዎች ምን ስለሆኑ ነው?»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። ቡናው ገና እየተቆላ፣ የ10 ዓመቷ የእህቴ ልጅ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ክርኗን አስደግፋ ጭሱን በእጇ እየገፋች ትጠይቀኛለች። በዋዜማው ከፎርት ዎርዝ 11 ሆነን ተነስተን አንድ መዝናኛ ፓርክ ውለን ነበር። ሁለት ደቂቃ ለማይሞላ ግልቢያ ከአንድ ሰዓት በላይ የቴክሳስ ፀሐይ ላይ ቆመናል። ያን ሁሉ ጊዜ ከአጠገባችን ባለው ባዶ መተላለፊያ ሰዎች እየሳቁ ያልፉ ነበር። ልጅቷ የከፋት በመቆሟ አይደለም፤ በመታለፏ ነው።

የሽምብራውን ጠርሙስ አወረድኩ። አንድ ሲኒ ከረከቦቱ አነሳሁና «ይህ ሮለር ኮስተሩ ነው፤ በየሁለት ደቂቃው አራት ሰው ይዞ ይነሳል፤ ሽምብራዎቹ ደግሞ እኛ ነን» አልኳት። 12 ሽምብራ በተርታ ደረደረች። አራት አራት እያልን ጫንናቸው፤ የመጨረሻዋ ሽምብራ በሦስተኛው ዙር ተሳፈረች። ከዚያ ሽምብራዎቹን መልሰን ደረደርንና በጎናቸው ባቄላ አሰለፍኩ። በየዙሩ አንድ ባቄላ ቀድሞ ይገባል፤ የቀረውን ቦታ ሽምብራ ይሞላል። አሁን የመጨረሻዋ ሽምብራ የተሳፈረችው በአራተኛው ዙር ነው። ልጅቷ ሲኒውን ትኩር ብላ አየችና «ባቄላዎቹ እኮ የሽምብራዎቹን ቦታ ነው የወሰዱት» አለች።

ስለ ወረፋ ማወቅ የሚያስፈልገው ዋናው ነገር ይኸው ነው። የቀረው ስሌት ነው፤ ስሌቱም ቀላል ነው።

ለስሌቱ አንድ እውነተኛ ፓርክ እንውሰድ። ከፎርት ዎርዝ በሀይዌይ 30 ወደ ምሥራቅ ሲነዱ፣ ዳላስ ሳይደርሱ አርሊንግተን ላይ ሲክስ ፍላግስ ኦቨር ቴክሳስ ይገኛል። አንገስ ዊን የተባለ የሪል እስቴት ባለሀብት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በነሐሴ 1961 የከፈተው ነው። ሲክስ ፍላግስ በሚለው ስም የመጀመሪያው ፓርክ ይህ ነው፤ ስሙም ቴክሳስ ላይ በየዘመኑ ከተውለበለቡ ስድስት ባንዲራዎች የተወሰደ ነው። እዚያ ያለው ኒው ቴክሳስ ጃይንት የተባለ ሮለር ኮስተር በ1990 ከእንጨት የተሠራ ነበር፤ በ2011 ሐዲዱ በብረት ተተካ። ባቡሮቹ የ1961 ካዲላክ መኪና መልክ አላቸው፤ አንዱ ባቡር 24 ሰው ይጭናል።

እንግዲህ 24 ሰው የሚጭን ባቡር በየሁለት ደቂቃው ቢነሳ በሰዓት 30 ጊዜ ይነሳል፤ 720 ሰው ማለት ነው። ከፊታችሁ 720 ሰው ካለ አንድ ሰዓት ትቆማላችሁ፤ 360 ካለ ግማሽ ሰዓት። ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ ምሁር፣ ፓርኩ በተከፈተበት በዚያው በ1961፣ ይህ ዝምድና ለማንኛውም የረጋ ወረፋ እንደሚሠራ በሒሳብ አረጋገጠ፦ ሰልፉ ውስጥ ያለው ሰው ብዛት፣ በሰዓት የሚገባው ሰው ሲባዛ እያንዳንዱ በአማካይ በሚቆምበት ሰዓት ነው። ለባንክም፣ ለሆስፒታልም፣ ለወፍጮ ቤትም ያው ነው። ፓርክ ስትሄዱ ሞክሩት። አጥሩ የሚታጠፍበትን አንዱን ረድፍ ቁጠሩ፤ በእጥፋቶቹ ብዛት አባዙት፤ ባቡሩ ስንት ሰው ይዞ በስንት ደቂቃ እንደሚነሳ ሰዓታችሁን እያያችሁ መዝግቡ። መግቢያው ላይ ከተለጠፈው ቁጥር ጋር ብታስተያዩት ልጆቹም ሲቆጥሩ ጊዜው ይሄድላቸዋል።

አሁን ከየአራቱ መቀመጫ አንዱ ተጨማሪ ከፍለው በጎን መተላለፊያው ለሚገቡ ቢሰጥ፣ ለእኛ ሰልፍ በሰዓት የሚቀረው 540 ነው። 720 ሰው የሚጨርሰው በ60 ሳይሆን በ80 ደቂቃ ይሆናል። አንዱ ያተረፈው ደቂቃ ከሌላው የተቆረጠ ነው።

የሚቆርጠው ግን ከፋዩ ብቻ አይደለም። ይህን የተማርኩት ከራሳችን ጥፋት ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ያኔም 11 ነበርን። እኔና ሁለት ልጆች ሰልፍ ያዝን፤ ሌሎቹ ስምንቱ ውሃ ሊገዙ፣ መጸዳጃ ሊሄዱ ተበተኑ። «ወረፋ ያዙልን፣ መጣን» ብለው ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያሉ ሰዉን ሰንጥቀው መጡ። ከኋላዬ ሴት ልጁን ትከሻው ላይ ያስቀመጠ ሰው ነበር። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሲያልፉ ዝም አለ። አምስተኛው ሲመጣ ልጁን ከትከሻው አወረደና ረጋ ባለ ድምፅ «የቀራችሁ ስንት ናችሁ?» አለኝ። አልጮኸም፤ አልተሳደበም። ለመመለስ አፌን ስከፍት ቁጥሩን መናገር አቃተኝ።

በሰዓት 720 ሰው በሚያስተናግድ ሰልፍ እያንዳንዱ ሰው ከኋላው ያሉትን በአማካይ 5 ሰከንድ ያዘገያል። ስምንት ሰው 40 ሰከንድ። ትንሽ ይመስላል። ከኋላችን 300 ሰው ከነበረ ግን 40 ሰከንዱ በ300 ይባዛል፤ 12,000 ሰከንድ፣ ማለትም 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የወሰድነው ከማናውቃቸው ሰዎች፣ ከያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ እየቆነጠርን ነው። በሲክስ ፍላግስ ደንብ ላልመጣ ሰው ቦታ መያዝና ከሰልፍ ወጥቶ ተመልሶ መግባት ራሱ ያለ ወረፋ እንደ መግባት ይቆጠራል፤ ከፓርኩ ሊያስባርር ይችላል። አብዛኞቻችን ይህን አናውቅም። እንደ ደግነት ነው የምናየው፦ ለዘመድ ቦታ መያዝ።

ስታንሊ ሚልግራም የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ1986 በታተመ ጥናታቸው፣ ኒውዮርክ ውስጥ በ129 ሰልፎች መሃል ሰው ሆን ብለው እያስገቡ የቆሙት ምን እንደሚያደርጉ ተመልክተዋል። አንድ ሰው ብቻ ሲገባ ተቃውሞ የተነሳው ከግማሽ ትንሽ በሚበልጡት ሰልፎች ነው፤ ሁለት ሰው ሲገባ ግን ተቃውሞው በጣም ይጨምራል። የሚቃወሙትም በአብዛኛው ከገባው ሰው በስተኋላ ያሉት ናቸው። ከፊት ያለው ምን ጎደለበት?

አዲስ አበባ መገናኛ ወይም ሜክሲኮ ማታ የታክሲ ሰልፍ የያዘ ሰው ይህን ያለ ጥናት ያውቀዋል። ሶፍት ሊገዛ ከሰልፉ የሚወጣ ሰው ከፊቱ ላለው አይናገርም፤ ወደ ኋላ ዞሮ «መጣሁ፣ ከፊትሽ ነኝ፣ እሺ?» ይላል። ፈቃድ የሚጠየቀው ደቂቃው የሚነካበት ሰው ነው። አረጋዊ ወይም ነፍሰ ጡር ሲመጣም አንዱ «እናት ይግቡ» ብሎ ያስቀድማቸዋል፤ ኋላ ያሉት ደግሞ «ይግቡ፣ ይግቡ» ይላሉ። ያ የሰልፉ ድምፅ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ከፊቴ ሰው ሳስገባ የምሰጠው የራሴን ደቂቃ ብቻ መስሎ ይታየኛል፤ ከኋላዬ ያሉትንም ሁሉ ሳልጠይቅ እየሰጠሁባቸው ነው። ቸርነት ማድረግ የምፈልግ ከሆነ ቦታዬን ለሰውየው ለቅቄ እኔ ከመጨረሻ ልቁም፤ ያኔ ማንም አይጎዳም።

ሰው ሳይቆም ወረፋው ብቻ የሚቆምበት ዘዴም አለ። ዘመናዊ ቴክኖሎጂ ነው ቢሉንም፣ ቦኖ ውሃ አጠገብ ያደግን ሰዎች የምናውቀው ነው። ቢጫ ጀሪካኖች ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፈው ያድራሉ፤ ባለቤቱ ቤቱ ተኝቷል ወይም እንጀራ እየጋገረ ነው፤ ጀሪካኑ ግን ተራውን ይጠብቅለታል። ማንም አይቀደምም። ጸቡ የሚነሳው አንዱ አምስት ጀሪካን ሲደረድር ነው። በስልክ ወረፋ ይዞ ሌላ ቦታ እየተዝናኑ መጠበቅም ያው ጀሪካኑ ነው፤ እስከዚህ ድረስ ፍትሐዊ ነው። ዲዝኒ በ1999 ፋስትፓስ ብሎ የጀመረው በነፃ ነበር፤ በ2021 በሚከፈልበት ተተካ። በሲክስ ፍላግስ ፓርኮች ለዓመታት ፍላሽ ፓስ ተብሎ ሲሸጥ የኖረው ደግሞ ደረጃ ነበረው፦ ዝቅተኛው እንደ ጀሪካኑ ነበር፣ ሰልፉ የሚፈጀውን ያህል ሌላ ቦታ ሆነው ይጠብቁ ነበር። ከፍ ያለው ግን የመጠበቂያውን ጊዜ ራሱን ያሳጥር ነበር። ያ ባቄላው ነው።

የእህቴ ልጅ እዚህ ላይ «ገንዘቡን ማን ወሰደው?» አለች። ደስ ያለኝ ጥያቄ ነው። መልሱን ከዕቁብ አመጣሁላት። በነጋዴዎች ዕቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው ተራውን ለቸገረው አባል ሊሸጥለት ይችላል፤ ዳኛውም ጸሐፊውም ያውቃሉ፤ ሌላው አባል የሚያጣው የለም። ዋጋው የሚገባው ተራውን በለቀቀው ሰው ኪስ ነው። በፓርኩ ግን ገንዘቡን የሚቀበለው አንድ ነው፣ ደቂቃው የሚቆረጥበት ሌላ። ገዢዎቹን አልወቅስም፤ በግልጽ የሚሸጥ ነገር ነው የገዙት፤ ከሩቅ ለአንድ ቀን የመጣ ቤተሰብ ቢገዛ ይገባኛል። ግን መቀመጫው ስንት እጅ በዚህ መንገድ እንደሚሸጥ መግቢያው ላይ ቢለጠፍ፣ ቲኬት የቆረጥን ሰዎች ምን እንደገዛን እናውቅ ነበር።

በጎን የሚገባ ሁሉ ግን ከፋይ አይደለም፤ ለልጅቷ ይህን መንገር ነበረብኝ። በብዙ ፓርኮች አካል ጉዳት ያለበት ወይም ጫጫታና ግፊያ የማይችል ሰው የመመለሻ ሰዓት ይሰጠዋል። ሰልፉ 50 ደቂቃ ከሆነ እሱም ሌላ ቦታ 50 ደቂቃ ይጠብቃል። የምናየው ሲገባ ብቻ ስለሆነ ያለፈን ይመስለናል። ሕፃን ያላቸው ወላጆችም እንዲሁ፤ አንዱ ሲሳፈር ሌላው ልጁን ይዞ ይጠብቅና ዳግመኛ ሳይሰለፍ ይተካዋል። ብቻውን የሚሳፈር ሰው የተለየ ሰልፍ ያለበት ፓርክም አለ፤ ሦስት ጓደኛሞች አራተኛዋን መቀመጫ ባዶ ሲተዉ እሱ ይሞላታል። እሱ ከማንም አልወሰደም፤ ባዶ ሊሄድ የነበረ ቦታ ነው።

ጨዋነት ደግሞ መሳፈሪያው ላይም አለ። ባቡሩ በሁለት ደቂቃ ፈንታ በሁለት ደቂቃ ተኩል ቢነሳ በሰዓት የሚነሳው 24 ጊዜ ብቻ ነው፤ 720ው ወደ 576 ይወርዳል። ያቺ ግማሽ ደቂቃ የምትጠፋው ቦርሳ የት ላስቀምጥ ሲባል፣ ስልክ ከኪስ ሲወጣ፣ ከማን ጋር ልቀመጥ ሲባል ነው። የልጁን ቁመትም ቀድሞ መለካት ነው፤ ትልልቆቹ ሮለር ኮስተሮች ብዙ ጊዜ 48 ኢንች፣ 122 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ይጠይቃሉ። አንድ ሰዓት ቆሞ መጨረሻ ላይ «አትደርስም» የተባለ ልጅ ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ አባቱ ሲማጸን፣ ሠራተኛዋ ስትጨነቅ፣ ባቡሩ ባለበት ቆሞ ነበር።

ቡናው ደረሰ። ልጅቷ ሽምብራውን ለብቻ፣ ባቄላውን ለብቻ ወደየጠርሙሱ መለሰች።

ያ ሰው «ስንት ናችሁ?» ካለኝ ወዲህ ቤተሰባችን ሰልፍ የሚገባው ተሟልቶ ነው። መጸዳጃው፣ ውሃው፣ ጫማ ማሰሩ ሁሉ ከመግቢያው በፊት ያልቃል። ቆጣሪዋ እሷ ናት። ትናንትም መግቢያው ላይ ቆማ በጣቷ እየነካካች ቆጠረችን፤ አሥር ላይ ስትደርስ የአጎቷ ልጅ የለም። ውሃ ሊሞላ ሄዷል። እጆቿን ዘርግታ ሁላችንንም አስቆመችን። ሦስት ቤተሰቦች አልፈውን ገቡ፣ እኛ ጥግ ይዘን ጠበቅን። እሱ ጠርሙሱን አቅፎ እየሮጠ ሲመጣ «አሥራ አንድ» አለችና መንገዱን ለቀቀችልን።