አረጋውያን ሲወድቁ ለምን ዳሌ ይሰበራል?

ዳሌ ተሰበረ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው የጭን አጥንት ላይኛው ጫፍ ነው። ይህ አጥንት ከጉልበት ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣና ጫፉ ላይ እንደ ከዘራ እጀታ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ክብ ራሱ ዳሌ ውስጥ ካለው ጎድጓዳ ይገባል። ራሱን ከግንዱ የሚያገናኘው ቀጭን ቦታ አንገት ይባላል፤ ስንራመድ የላይኛው አካላችን ክብደት በዚያ ያልፋል።

አጥንት ሕይወት አለው፤ አሮጌው እየፈረሰ በአዲስ ይተካል። እስከ 30 ዓመት ገደማ ግንባታው ይበልጣል፣ በኋላ ግን ማፍረሱ ያመዝናል። ሴቶች የወር አበባቸው ሲቋረጥ አጥንትን የሚጠብቀው ሆርሞን ስለሚቀንስ መሳሳቱ ይፈጥናል። የሳሳ አጥንት ደግሞ እስኪሰበር ድረስ አያምም።

ቢሆንም ከ10 የዳሌ ስብራቶች ከ9 በላይ የሚሆኑት የሚመጡት በመውደቅ ነው፤ ያውም ብዙውን ጊዜ በጎን በመውደቅ። ወጣት ሲደናቀፍ ወደ ፊት ይወድቃል፣ እጁን ይሰድዳል፤ ቢሰበርም የሚሰበረው የእጁ አንጓ ነው። የ80 ዓመት እናት ግን የሚወድቁት ቆመው ዞር ሲሉ ወይም ከአልጋ ሲነሡ ነው። እጃቸው ሳይደርስ ጎናቸው ሲሚንቶውን ይመታል።

ስለዚህ ከአጥንቱ እኩል የሚያሳስበው መውደቁ ነው። ሌሊት ለሽንት ሲነሡ የደም ግፊት ድንገት ሊወርድ ይችላል፤ የግፊትና የእንቅልፍ መድኃኒት ያባብሰዋል። አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ቁጭ ብሎ መነሣት፣ መብራቱን እጅ በሚደርስበት ማድረግ፣ የሚንሸራተተውን ምንጣፍ ማንሣት ይረዳል። ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከሆነ ፖፖ ነውር የለውም። የዓይን ሞራ ካለም ይታከም።

ከሁሉ የሚከብደው ፍቅራችን ነው። «እማዬ፣ አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ» እያልን ጡንቻቸውን እናሟሽሻለን። ቡናውን ያፍሉ፤ ደጅ ወጣ ይበሉ። ጠንካራ ወንበር ላይ እጅ ሳይደገፉ ደጋግሞ ተቀምጦ መነሣት ጥሩ ስፖርት ነው፤ መጀመሪያ ላይ ግን አጠገባቸው ሰው ይቁም። ወተት፣ ጎመንና ጤፍ ካልሲየም አላቸው። ቫይታሚን ዲ ከፀሐይ ይገኛል፤ ክረምቱ ረጅም በሆነበት አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ያሉ ወገኖች ግን ሐኪም ቢያማክሩ ይሻላል።

ወድቀው ብሽሽታቸውን ካመማቸው፣ እግራቸው አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ፣ ወጌሻ አይጠራ። የጭን አጥንቱን ክብ ራስ የሚመግቡት የደም ሥሮች በአንገቱ በኩል ያልፋሉ፤ አንገቱ ተሰብሮ ሲላቀቅ ሊበጠሱ ይችላሉ፣ ደም ያጣው ራስም ይሞታል። መጎተትና ማሸት ጉዳቱን ያብሳል። እግሩን እንዳለ ደግፎ ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል መውሰድ ነው። ቀዶ ሕክምናው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ቢደረግ ይመረጣል፤ አልጋ ላይ መቆየት የሳንባ ምችና የደም መርጋት ያመጣል። ሲሄዱ አረጋዊው የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ በፌስታል ይያዙ፤ ደም የሚያቀጥን ካለበት ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ማወቅ አለበት።