የአምስተርዳም ከተማ ምክር ቤት ለስድሳ አምስት ዓመት ያወጣው ፕላን

የአንድ አገር ሰዎች ተሰብስበው ስለ ዘንድሮ መንገድና ስለ ዘንድሮ ድልድይ መምከራቸው የተለመደ ነው። የልጅ ልጆቻቸው ጎጆ በሚወጡበት ዘመን አገሩ ምን ያህል ሰው እንደሚይዝ፥ ያም ሰው ወዴት እንደሚሰፍር ተቀምጦ መምከር ግን ከዚህ እጅግ የከበደ ነገር ነው። ይህን ከደፈሩት ምክር ቤቶች አንዱ የአምስተርዳም ነውና፥ ሥራውን እንዴት እንደ ሠራው ከዚህ በታች እንገልጻለን። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አምስተርዳም የሆላንድ መንግሥት ዋና ከተማ ናት። የቆመችበት ምድር ረግረግ ነው፤ ብዙው ክፍል ከባሕር ወለል ዝቅ ያለ ስለ ሆነ በግድብና በቦይ ይጠበቃል። ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ረዣዥም ግንድ ወደ ምድር ውስጥ ተክሎ መሠረቱን በዚያ ላይ ያኖር ነበር። በ1648 ዓ.ም. የተጀመረው የቀድሞው ማዘጋጃ ቤት ብቻውን በ13,659 ግንዶች ላይ ቆሟል። በእንዲህ ያለ ምድር ማንም እንደ ወደደ ጎጆ ቀልሶ ሊቀመጥ አይችልም።

በ1901 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ሕግ፥ ከ10,000 የሚበልጥ ሕዝብ ያለበት ማዘጋጃ ቤት ሁሉ የመስፋፊያ ፕላን እንዲያወጣ፥ ያንንም በየ10 ዓመቱ እንዲመረምረው አዘዘ። አምስተርዳም ደግሞ ከ1896 ዓ.ም. ጀምራ የከተማውን መሬት መሸጥ ትታ በኪራይ ትሰጥ ነበር። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ መሬቱ በእጁ የሌለ ምክር ቤት የሚያወጣው ፕላን በወረቀት ላይ ይቀራልና። በ1921 ዓ.ም. በዙሪያዋ ያሉትን መንደሮች በጨመረች ጊዜ የከተማዪቱ ስፋት አራት እጥፍ ያህል ሆነ። ይህን ሁሉ መሬት ምን እናድርገው የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚህ ነው።

በ1928 ዓ.ም. ለዚሁ የተለየ ክፍል ተቋቋመ። የሕንፃው ሊቅ ኮርኔሊስ ፋን ኤስተረን ፕላኑን ነደፈ፤ መሐንዲሱ ቴዎዶር ፋን ሎኸይዘን ግን ከንድፉ በፊት የሚሠራውን ሥራ ያዘ። ይኸውም ቈጠራ ነው። በዓመት ስንት ይወለዳል፥ ስንት ይሞታል፥ ስንት ከገጠር ይገባል፥ ስንት ይወጣል፥ በአንድ ቤት ስንት ሰው ያድራል፥ ወደቡና ፋብሪካው ለስንቱ እንጀራ ይሰጣል፥ ይህ ሁሉ ተመረመረ። የተማሪ መዝገብ የሚይዝ መምህር የዚህን ሥራ ድካም በቀላሉ ይረዳዋል። በ1930 ዓ.ም. 750,000 ያህል የነበረው ሕዝብ በ2000 ዓ.ም. 960,000 ይሆናል ብለው ደመደሙ።

በዚህ ቍጥር ላይ ተመሥርቶ የተሠራውን ፕላን ምክር ቤቱ በ1935 ዓ.ም. አጸደቀው። ወደቡና ፋብሪካው በምዕራብ በኩል በውሃው ዳር ሆነ፤ መኖሪያው ከሥራው እንዳይርቅ ተደረገ፤ በሰፈርና በሰፈር መካከል አረንጓዴ መስክ እንዲገባ ታሰበ። ከከተማው በስተ ደቡብም 1,000 ሄክታር ያህል የሚሆን፥ በእኛ አገር ልክ 25 ጋሻ፥ ዱር እንዲተከል ከዚያ በፊት ተወስኖ ነበር። ዘመኑ ሥራ የጠፋበት ዘመን ነበርና በ1934 ዓ.ም. ሥራው ሲጀመር በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሥራ ፈቶች በአካፋ ቈፈሩት።

ከዚያ ጦርነት መጣና ቤት መሥራቱ ቆመ። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ግን ምክር ቤቱ አዲስ ምክር ሳይጀምር የቀድሞውን ፕላን ከሣጥን አውጥቶ በምዕራብ በኩል ሰፈሮቹን ሠራ። ረግረጉን ከፍ ለማድረግ አሸዋ ያስፈልግ ነበርና፥ ቀድሞ ሐይቅ የነበረ በኋላም የደረቀ አንድ ስፍራ እንደ ገና ተቈፍሮ አሸዋው ለሰፈሮቹ ሙሌት፥ ጕድጓዱም ለሰፈሮቹ ሐይቅ ሆነ።

ይሁን እንጂ ቈጠራው እንደ ታሰበው አልሆነም። ሕዝቡ በ1959 ዓ.ም. ወደ 870,000 ከደረሰ በኋላ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም. የተገኘው 731,000 ያህል ብቻ ነው። የቤት ጥያቄ ግን አልቀነሰም። ምክንያቱም ሊቃውንቱ በአንድ ቤት ከሦስት ሰው በላይ ያድራል ብለው ሲገምቱ፥ በ2000 ዓ.ም. ከሁለት በታች ሆኖ ተገኘ። ወጣቶች ለብቻቸው ይኖራሉ፤ ሽማግሎች ብቻቸውን ይቀራሉ፤ ልጅ ያላቸውም ሰፊ ቤት ፈልገው ከባሕር በተወሰደ መሬት ላይ ወደ ተሠራችው ወደ አልሜረ ሄዱ። የሰውን ቍጥር መገመት ከባድ ነው፤ የሰውን አኗኗር መገመት ግን ይብሳል።

ታዲያ ፕላኑ ከንቱ ቀረ ማለት ነውን? እንደ እኛ አስተያየት አይደለም። ፕላኑ ዋና ዋናውን፥ ውሃውን፥ መንገዱን፥ ወደቡንና መስኩን ብቻ ወሰነ፤ የእያንዳንዱን ሰፈር ዝርዝር ግን ተራው በደረሰ ጊዜ የሚቀመጡት ሰዎች እንዲያወጡት ተወው። ስለዚህ ቍጥሩ ሲሳሳት የተለወጠው የሰፈሮቹ ዝርዝር እንጂ መሠረቱ አልነበረም። ሕዝቡ ዛሬ ዳግመኛ አድጎ ከ900,000 በላይ ሆኗል። በምዕራብ ከነበሩት ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰው በሌላ ተተክተዋል፤ ሐይቁና ዱሩ ግን በተወሰነላቸው ስፍራ አሉ።