የጡዋል ሐምሌ፦ አቧራ የሚነግሥበት ወር እና የመንገደኛው ጥንቃቄ

በሳዑዲ ዓረቢያ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ከየመን ድንበር አጠገብ የምትገኘው የጡዋል ከተማ በጂዛን ግዛት የቲሃማ ቆላ ሜዳ ላይ ያረፈች ናት። ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው በዚህች ከተማ የመጀመሪያውን ዓመት ሲያሳልፍ የወራቱ ጠባይ ግር ይለዋል። በአገሩ ሐምሌና ነሐሴ ደመና የሚከብድባቸው፣ ወንዝ የሚሞላባቸው ወራት ናቸው። በጡዋል ግን በእነዚሁ ወራት ሰማዩን የሚያጠቁረው በአብዛኛው አቧራ ነው።

የጂዛን ሰዎች ይህን ወቅት «ጉብራ» ይሉታል። በሰኔ ይጀምራል፤ እስከ ነሐሴም ይዘልቃል። መንሥኤው ከአንድ በላይ ነው። የቀኑ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ የጋለው ሜዳ ከቀይ ባሕር የሚመጣውን ነፋስ ወደ ራሱ ይስባል። ነፋሱም ጎርፍ ከተራራ አውርዶ በየሜዳው የተወውን፣ ደርቆ የላመውን ደለል ያነሣል። በባሕሩ ማዶ ደግሞ በሱዳን ቶከር በተራሮች መካከል ሾልኮ የሚወጣው ብርቱ ነፋስ በሐምሌና በነሐሴ አቧራ ተሸክሞ ቀይ ባሕርን ያቋርጣል።

ይህ ነፋስ በአብዛኛው ሰዓቱን ያውቃል። ከፈጅር ሶላት በኋላ አየሩ ጋብ ያለ ነው፤ ከዙህር ወዲያ ይበረታል፤ ወደ መግሪብ ሲቃረብ ይለዝባል። ስለዚህ ከጂዛን ተነሥቶ በአሐድ አል መሳሪሓና በሳሚጣ በኩል ወደ ጡዋል ለሚሄድ መንገደኛ ጥሩው ሰዓት ማለዳ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ጥርት ብሎ ይታይ የነበረው አስፋልት በደቂቃዎች ውስጥ ከዓይን ሊሰወር ይችላል።

በዚህ ጊዜ ትልቁ አደጋ የሹፌሩ ችኮላ ነው። ፍጥነትን መቀነስ፣ ከፊት ካለው መኪና መራቅ፣ ረጅሙን መብራት ትቶ አጭሩን ማብራት ያስፈልጋል። መንገዱ ፈጽሞ ካልታየ በአስፋልቱ ጠርዝ ላይ መቆም ከኋላ ለሚመጣ መኪና መጋለጥ ነው፤ ከመንገዱ ሙሉ በሙሉ መውጣት ይገባል። በየነዳጅ ማደያው መስጂድ ስላለ፣ የዐስር ሶላት እንዳያልፈው የሚቸኩል ሹፌርም አቧራው እስኪያልፍ በዚያው ሰግዶ ማረፍ ይችላል።

ወቅቱ ይበልጥ የሚከብደው ግን መኪና ውስጥ ላልተቀመጠው ነው። በእርሻና በከብት ጥበቃ የተሰማሩ፣ በፒክአፕ ጀርባ ላይ ተጭነው የሚጓዙ ሠራተኞች አቧራውን በፊታቸው ይቀበላሉ። በሳዑዲ ደንብ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት በፀሐይ ሥር ማሠራት የተከለከለ ነው። ይሁን እንጂ እረፍቱ አብቅቶ ሥራ የሚቀጥልበት ሰዓት አቧራው የሚበረታበት ነው። አስም ያለበት ሰው መድኃኒቱን ከኪሱ ባይለይ፣ ሌላውም አፍና አፍንጫውን በጭንብል ወይም እርጥብ በሆነ ጨርቅ ቢሸፍን ከብዙ ጉዳት ይድናል።

አቧራው የመንገደኛው ብቸኛ ሥጋት አይደለም። በዚያው በነሐሴ በምሥራቅ በኩል ባሉት እንደ ፈይፋ ባሉ ተራሮች ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዳማ ዝናብ ይጥላል። ሜዳው ላይ አንዲት ጠብታ ሳይወርድ እንደ ኹለብና ሊያህ ባሉ ደረቅ ሸለቆዎች ደራሽ ጎርፍ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 በጂዛን ግዛት የጣለው ከባድ ዝናብ ባስከተለው ጎርፍ መንገዶች ተጎድተዋል። ውኃ የሚወርድበትን ሸለቆ በመኪና ደፍሮ ማቋረጥም ከ5,000 እስከ 10,000 ሪያል ያስቀጣል።

የአቧራ ወቅት በየአገሩ ይለያያል። በምዕራብ አፍሪካ፣ በኒጀርና በሰሜን ናይጄሪያ፣ ሐርማታን የተባለው ደረቅ ነፋስ የሰሃራን አቧራ ይዞ የሚመጣው ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ማርች ነው፤ በካኖ አውሮፕላኖች በረራ የሚሰርዙባቸው ቀናትም አሉ። በጂዛን እነዚያ ወራት ለጉዞ የሚመረጡ ናቸው። የጃንዋሪ የቀን ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ይወርዳል፤ ወደ ፈረሳን ደሴቶች መሻገር የሚፈልጉም በብዛት የሚጓዙት ያኔ ነው። ጉዞውን ማዘግየት የሚችል ሰው እስከዚያ ቢጠብቅ ይመረጣል።

መጠበቅ ለማይችለው ግን ከመነሣቱ በፊት የብሔራዊ ሜትሮሎጂ ማዕከልን ማስጠንቀቂያ ማየት የመጀመሪያው ሥራው ሊሆን ይገባል። ማስጠንቀቂያው ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ደረጃ አለው፤ ቀዩ ከሁሉም የበረታው ነው። በመንገድ ላይ ችግር ለገጠመውም ሲቪል ዲፌንስ በ998፣ ቀይ ጨረቃ አምቡላንስ በ997፣ የትራፊክ አደጋ ደግሞ በ993 ይገኛሉ። እነዚህን ቁጥሮች በስልኩ መዝግቦ፣ በቂ ውኃ ይዞ፣ በማለዳ የተነሣ መንገደኛ አቧራው ሳይነሣ ካሰበበት የመድረስ ዕድሉ ሰፊ ነው።