የጠፋውን «ለምን?» ወደ ሥራ ቦታችን እንመልሰው

አሁን ባሉበት መሥሪያ ቤት ሥራ የጀመሩበትን የመጀመሪያ ሳምንት ያስታውሱታል? ሁሉም ነገር አዲስ ነበር። «ይህ ቅጽ ለምን ሦስት ቦታ ይፈረማል? ባለጉዳዩ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ለምን ይመላለሳል? በየቀኑ የምንፈልገው ዕቃ ለምን ከመጋዘኑ ጥግ ተቀመጠ?» ብለው ሳይጠይቁ አልቀሩም። ምናልባት አንድ ነባር ሠራተኛ ፈገግ ብሎ፣ «አይዞዎት፣ ቀስ እያሉ ይለምዱታል» ብሎ መልሶልዎት ይሆናል። እውነቱንም ነበር፤ ለመዱት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቅጹን ሦስት ቦታ የሚያስፈርሙት፣ አዲስ የመጣውንም ሠራተኛ «ትለምደዋለህ» የሚሉት እርስዎ ራስዎ ሆነው ተገኙ።

ብዙዎቻችን ከቀኑ ሰዓታት ትልቁን ክፍል የምናሳልፈው በሥራ ላይ ነው። ታዲያ በእነዚያ ሰዓታት ሁሉ እጃችን ብቻ እየሠራ አእምሯችን ካንቀላፋ፣ ድርጅቱ ገንዘብ ይከስራል፤ እኛ ደግሞ ዕድሜያችንን እንከስራለን። ስለዚህ ፈጠራና የማወቅ ጉጉት በሥራ ቦታ እንዴት እንደሚጠፋ፣ እንዴትስ እንደገና እንደሚቀሰቀስ አብረን እንመልከት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉጉቱ የት ሄደ?

ብዙ ጊዜ «ፈጠራ ለተሰጣቸው ሰዎች ነው፤ እኔ ተራ ሠራተኛ ነኝ» ስንል እንሰማለን። ነገር ግን ያው ሰው ከቤቱ ሲገባ የተበላሸ ራዲዮ ፈትቶ ይጠግናል፤ በጠባብ ጓሮ ጎመንና ቃሪያ የሚያበቅልበት ዘዴ ይፈልጋል፤ በትንሽ ገንዘብ ብዙ እንግዳ ያስተናግዳል። እንግዲህ ችሎታው አልጠፋም። ጉጉቱ የሚቀረው ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ነው ማለት ነው።

ለምን? በሥራ ቦታ መጠየቅ ዋጋ ስለሚያስከፍል ነው። የጠየቀ ሰው «አላዋቂ» ይባላል ብሎ ይፈራል፤ ሐሳብ ያቀረበ «አለቃውን ሊያሳጣ ነው» ይባላል፤ ስህተት ያሳየ «ነገረኛ» የሚል ስም ያተርፋል። በአገራችንም «ዝም አይነቅዝም»፣ «አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል» እየተባልን አድገናል። በእርግጥ እነዚህ አባባሎች በቦታቸው ጥበብ አላቸው፤ ችኩል ምላስን ይገታሉ። ሆኖም ያው ሕዝብ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» እንደሚልም አንርሳ። በብዙ መሥሪያ ቤቶች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተይዘው ሦስተኛው ተረስቷል።

የዝምታ ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ በግልጽ ያሳዩ አንዲት ምሁር አሉ። አሜሪካዊቷ ኤሚ ኤድመንድሰን በ1990ዎቹ በሆስፒታሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተቶችን ያጠኑ ነበር። የጠበቁት ጥሩ አመራርና ጥሩ መግባባት ባለባቸው ክፍሎች አነስተኛ ስህተት እንደሚያገኙ ነበር። መዝገቡ ግን ተቃራኒውን አሳየ፤ በእነዚህ ክፍሎች የተመዘገበው ስህተት ይበልጥ ነበር! ነገሩን ሲመረምሩት፣ ጥሩ የተባሉት ክፍሎች ይበልጥ ይሳሳቱ ስለነበር ሳይሆን ስህተታቸውን ሳይፈሩ ይናገሩ ስለነበር እንደሆነ ተረዱ። በሌሎቹ ዘንድ ስህተቱ ይደበቅ ነበር። ልብ ይበሉ፤ የተደበቀ ስህተት ደግሞ አይታረምም፤ በታማሚው ላይ ይደገማል።

ከብርጭቆ ወረቀት እስከ መዝሙር መጽሐፍ

ጉጉት ቦታ ሲያገኝ ምን እንደሚሠራ ለማየት «ስሪ ኤም» የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ ታሪክ እንመልከት። ድርጅቱ በ1902 በሚኒሶታ ግዛት ሲቋቋም ዓላማው ማዕድን ማውጣት ነበር። ይሁን እንጂ ያገኘው ማዕድን የታሰበው ዓይነት ሳይሆን ቀረ፤ ስለዚህ ፊቱን ብርጭቆ ወረቀት ወደማምረት አዞረ።

በ1920ዎቹ ሪቻርድ ድሩ የተባለ ወጣት የኩባንያው ሠራተኛ አዲስ ብርጭቆ ወረቀት ለማስሞከር ወደ መኪና ጋራዦች ይሄድ ነበር። በዚያ ቀለም ቀቢዎች ሲያማርሩ ሰማ። በጊዜው መኪናን በሁለት ቀለም መቀባት ፋሽን ነበር፤ አንዱን ቀለም ለመከለል የሚለጥፉት ወረቀት ሲነሳ ግን ቀለሙን አብሮ ይልጠው ነበር። የድሩ ሥራ ብርጭቆ ወረቀት እንጂ የቀለም ችግር አልነበረም። «አይመለከተኝም» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። እርሱ ግን ቀለሙን ሳይጎዳ የሚነሳ ፕላስተር እሠራለሁ ብሎ ተነሣ። ሥራ አስኪያጁ ዊልያም ማክናይት «ይህን ትተህ ወደ ሥራህ ተመለስ» ቢለውም ሙከራውን አልተወም። በ1925 የቀለም ቀቢዎች ፕላስተር ተወለደ፤ በ1930 ደግሞ ዛሬ በየቢሮው ያለው ግልጽ ፕላስተር ተከተለ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከድሩ ጽናት ይልቅ የሚያስደንቀው የአለቃው ነገር ነው። ማክናይት ትእዛዙ ተጥሷልና ወጣቱን ላባርረው አላለም፤ ይልቁንም ራሱ ተማረ። በኋላም ኩባንያው ተመራማሪዎቹ ከሥራ ጊዜያቸው 15 በመቶ ያህሉን ራሳቸው በመረጡት ሐሳብ ላይ እንዲያውሉ የሚፈቅድ ልማድ አዳበረ።

ይህ ልማድ ያፈራውን ፍሬ ምናልባት ዛሬ ጠረጴዛዎ ላይ ያገኙታል። በ1968 በዚያው ኩባንያ ስፔንሰር ሲልቨር የተባለ ኬሚስት ብርቱ ማጣበቂያ ለማግኘት ሲሞክር እጅግ ደካማ ማጣበቂያ አገኘ። ይጣበቃል፤ ግን በቀላሉ ይላቀቃል። ለምን እንደሚጠቅም አላወቀም፤ ቢሆንም አልጣለውም። ለዓመታት ለባልደረቦቹ ሲያሳይ ኖረ።

ከባልደረቦቹ አንዱ የሆነው አርት ፍራይ በቤተ ክርስቲያኑ ኳየር ውስጥ ያገለግል ነበር። ለእሑድ የሚዘመሩትን መዝሙሮች ለማግኘት በመዝሙር መጽሐፉ ውስጥ ቁራጭ ወረቀቶች ያደርጋል፤ ለመዘመር ሲነሣ ግን ወረቀቶቹ ይረግፋሉ። በኳየር ያገለገሉ ሁሉ ይህን ችግር ያውቁታል! በ1974 አንድ ቀን ፍራይ ያ «የማይረባ» ማጣበቂያ ትዝ አለው። ገጹን ሳይጎዳ የሚለጠፍ፣ ሲፈለግም የሚነሳ ወረቀት ይሁን ብሎ አሰበ። ከብዙ ሙከራ በኋላ በ1980 «ፖስት ኢት» የተባለው ተለጣፊ ማስታወሻ ወረቀት በመላው አሜሪካ ለገበያ ቀረበ።

እንግዲህ ያስተውሉ። አንዱ መልስ ይዞ ጥያቄ አጣ፤ ሌላው ጥያቄ ይዞ መልስ አጣ። ሁለቱን ያገናኛቸው ሐሳብ በነፃነት የሚነገርበት ቦታ መኖሩ ነው። ሲልቨር «ሳይሳካልህ ቀረ» ተብሎ አፉን ቢዘጋ ኖሮ፣ ፍራይ ስለ ማጣበቂያው ከየት ይሰማ ነበር?

መለኪያው ብቻውን ሲነግሥ

ይሁን እንጂ ይኸው ኩባንያ ራሱ የተፈተነበት ጊዜ መጣ። በ2001 ጄምስ ማክነርኒ የተባሉ ሥራ አስኪያጅ ከውጭ መጥተው መሪነቱን ያዙ። ወደ 8,000 የሚጠጉ ሠራተኞች ተቀነሱ፤ «ሲክስ ሲግማ» የተባለ የአሠራር ዘዴም በመላው ድርጅት ተዘረጋ። ይህ ዘዴ እያንዳንዱን ሥራ በቁጥር ለክቶ ብክነትንና የጥራት ጉድለትን የሚቀንስ ነው። ለፋብሪካው መስመር ጠቀመ፤ ትርፍም ጨመረ። ነገር ግን በምርምር ክፍሉም ሲተከል፣ ገና ያልተወለደ ሐሳብ ትርፉንና ገበያውን በቁጥር እንዲያስረዳ ይጠየቅ ጀመር። ማክነርኒ በ2005 ከለቀቁ በኋላ የተተኩት ጆርጅ በክሊ ይህን ቁጥጥር ከምርምር ክፍሉ ላይ አላሉት።

ከዚህ የምንማረው ቁጥጥርና መለኪያ ክፉ ነው የሚል አይደለም። ሒሳብ የማይያዝበት ቤት ይፈርሳል። ትምህርቱ ሌላ ነው፦ የታወቀን ሥራ የምንለካበት ሜትር ያልታወቀን ነገር ለመፈለግ አይሆንም። ዛሬ የተዘራውን ዘር ማታ እየቆፈረ «በቅለሃል ወይ?» የሚለው ገበሬ ምንም አያጭድም።

አምስት ጊዜ «ለምን?»

«እኔ ተመራማሪ አይደለሁም፤ እንዲህ ያለ ነፃ ጊዜም የለኝም» ይሉ ይሆናል። መልካም፤ ከምርምር ክፍል ወጥተን ወደ ፋብሪካ እንግባ። የጃፓኑ ቶዮታ በ1951 ተራ ሠራተኞች የማሻሻያ ሐሳብ የሚያቀርቡበትን ሥርዓት ጀመረ። በመገጣጠሚያው መስመር ላይ ደግሞ ማንኛውም ሠራተኛ ችግር ሲያይ የሚስበው ገመድ ተዘረጋ። ገመዱ ሲሳብ ኃላፊው ይመጣል፤ ችግሩ ወዲያው ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ይህ ማለት ታችኛው ሠራተኛ «አንድ ነገር ልክ አይደለም» የማለት ሥልጣን ተሰጠው ማለት ነው።

የቶዮታው መሐንዲስ ታይቺ ኦኖ ሠራተኞቹ አምስት ጊዜ «ለምን?» እንዲሉ ያስተምር ነበር። ከምሳሌዎቹ አንዱ እንዲህ ይሄዳል። ማሽኑ ለምን ቆመ? ጭነት በዝቶበት ፊውዙ ተቃጠለ። ጭነቱ ለምን በዛ? ኩሽኔታው በቂ ዘይት አላገኘም። ለምን? ፓምፑ ዘይት በደንብ አይስብም። ለምን? የፓምፑ ዘንግ ተበልቷል። ለምን? ማጣሪያ ስላልተገጠመለት የብረት ብናኝ ገባበት። በመጀመሪያው «ለምን» ላይ ብንቆም ፊውዝ ቀይረን እንሄዳለን፤ ማሽኑም በማግስቱ ይቆማል። በአምስተኛው ላይ ግን አንድ ማጣሪያ ገጥመን ችግሩን ከሥሩ እንነቅላለን።

ይህ የ«ካይዘን» አስተሳሰብ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ከ2009 ጀምሮ በተመረጡ ድርጅቶች ከተሞከረ በኋላ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል። ይሁን እንጂ ሰሌዳ መስቀልና ዕቃ በቀለም መለየት ብቻውን ካይዘን አይሆንም። ገመዱ ተሰቅሎ የሚስበው ሰው ከተቆጣ፣ ገመዱ ጌጥ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሠራተኛ ከሆኑ፦

1. በሳምንት አንድ የለመዱትን ነገር ይምረጡና እንደ አዲስ ሰው ይዩት። «ይህን የምናደርገው ለምንድን ነው?» ብለው በማስታወሻ ይጻፉ። መልሱ ጥሩ ምክንያት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ሥራዎን ይበልጥ አወቁት ማለት ነው።

2. ጥያቄዎን በክስ መልክ አያቅርቡ። «ይህን ማን አበላሸው?» ከማለት «ይህ እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ?» ማለት የሰውን ልብ አይዘጋም።

3. ከሥራዎ ክፍል ውጭ ካለ ሰው ጋር ቡና ይጠጡ። ድሩ የሰማው ከቀለም ቀቢዎች፣ ፍራይ የሰማው ከሌላ ክፍል ባልደረባ ነው።

4. ስልክዎን ለጥቂት ጊዜ ያስቀምጡ። በየደቂቃው የሚቋረጥ አእምሮ ጥያቄን እስከ መጨረሻው አይከተልም። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብዙ መልስ በቅጽበት ይሰጠናል፤ በዓይናችን ፊት ያለውን ችግር አይቶ የሚጠይቀው ግን እኛው ነን።

አለቃ ወይም ኃላፊ ከሆኑ፦

1. እርስዎ ራስዎ አስቀድመው «አላውቅም፤ አስረዱኝ» ይበሉ። አለቃው አላውቅም ባለበት ቤት ማንም ሰው አላውቅም ለማለት አያፍርም።

2. በስብሰባ ላይ አስተያየትዎን መጨረሻ ላይ ይናገሩ። የበላይ ከተናገረ በኋላ የሚቀረው ሐሳብ «ልክ ነው» ብቻ ነው።

3. መጥፎ ዜና ያመጣልዎትን ሰው ያመስግኑ። አንድ ጊዜ ከተቆጡ ሁለተኛ አይነግርዎትም፤ ችግሩ ግን ይቀጥላል።

4. ጊዜ ይስጡ። 15 በመቶ ባይቻል በሳምንት አንድ ሰዓት ይሁን። ጊዜ ሳይሰጡ «ፈጠራ አምጡ» ማለት ያለ ጭድ ጡብ ሥሩ እንደማለት ነው።

5. የቀረበልዎትን ሐሳብ ባይቀበሉት እንኳ ለምን እንዳልተቀበሉት ይንገሩ። ሰውን ተስፋ የሚያስቆርጠው «አይሆንም» ከሚለው መልስ ይልቅ ምንም መልስ ማጣት ነው።

ይህ ሁሉ ለባንክና ለፋብሪካ ብቻ የተነገረ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት፣ የልማት ፕሮጀክት፣ ትምህርት ቤትም የሥራ ቦታ ናቸው። እንዲያውም ሁላችን ተከባብረን በምንኖርበት በእንዲህ ያለው ቦታ መከባበሩ ወደ ዝምታ እንዳይለወጥ ይበልጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ታላቅን ማክበርና ለታላቅ እውነቱን መንገር የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም፤ የሚወደውን ሰው ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ እያየ ዝም የሚል የለምና።

ውድ አንባቢ፤ ነገ ጠዋት ወደ ሥራ ሲገቡ ምናልባት አንድ አዲስ ሠራተኛ ወደ ጠረጴዛዎ መጥቶ «ይህን ለምን እንዲህ እናደርጋለን?» ይልዎት ይሆናል። «ትለምደዋለህ» የሚለው መልስ ከአፍዎ ጫፍ ይደርሳል። እባክዎን ይዋጡት። ወንበር ሳብ ያድርጉለትና፣ «እውነትም፣ ለምን ይሆን? ና፣ አብረን እንየው» ይበሉት። ያን ጊዜ የእርሱ ጉጉት ሳይጠፋ ይተርፋል፤ የእርስዎም አብሮ ይነቃል።