የዌብ ጥያቄ እንዴት ይዘጋጃል?

ማመልከቻ የጻፈ ሰው ሁሉ ሥርዓቱን ያውቃል። ቀኑ፣ «ለ» ተብሎ የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ «ጉዳዩ»፣ ሐተታውና አባሪው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቦታ አላቸው። አንድ ኮምፒዩተር ለሌላው በዌብ የሚልከውም ጥያቄ እንዲሁ ነው። ኤችቲቲፒ በሚባለው ደንብ መሠረት ጥያቄው የሚፈለገውን ተግባር፣ አድራሻውን፣ ስለ መልእክቱ የሚገልጹ ራስጌዎችንና እንደ አስፈላጊነቱ ሐተታውን ይይዛል።

ጀማሪ ፕሮግራም ጸሐፊ ግን ይህን ሁሉ እንደ አንድ ረጅም ጽሑፍ ይቀጣጥለዋል። ጉዳቱን ለማየት ከደቡብ ጎንደር ወረዳዎች፣ ከስማዳ፣ ከእስቴና ከጋይንት፣ አንዱን እንውሰድ። በጥያቄው የመጀመሪያ መስመር ተግባሩን፣ አድራሻውንና የደንቡን ቁጥር የሚለያያቸው ክፍት ቦታ ነው። እንግዲህ «ላይ ጋይንት» እንዳለ ቢገባ፣ አድራሻው «ላይ» ከሚለው ቃል ላይ ያበቃ ይመስላል፤ ደንቡን የሚያጠብቅ ሰርቨርም ጥያቄውን በ400 ቁጥር ይመልሰዋል።

ፊደላችንም የራሱ ጣጣ አለው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ከመዘገበው ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል የታወቀ ቁጥር አለው። በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ አንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። በአድራሻ ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት በመቶኛ ምልክትና በሁለት ተከታይ ምልክቶች ይጻፋል። ስለዚህ አንዱ ፊደል 9፣ የ«ላይ ጋይንት» 6 ፊደላት 54 ምልክት ይሆናሉ ማለት ነው። ይህን በእጅ እየቆጠረ የሚጽፍ ሳይሳሳት አይቀርም።

በኦብጀክት ላይ የተመሠረቱ ቋንቋዎች መፍትሔ የሚሰጡት እዚህ ላይ ነው። ጥያቄው ተራ ጽሑፍ መሆኑ ቀርቶ፣ ክፍሎቹ የተለዩለት እንደ ቅጽ ያለ ኦብጀክት ይሆናል። በፓይተን «ሪኩዌስትስ» የተባለው ላይብረሪ የወረዳውን ስም በፊደላችን ተቀብሎ ራሱ ወደ ምልክት ይለውጠዋል። በ2018 በወጣው ጃቫ 11 ደግሞ «ገንቢ» የተባለ ረዳት ኦብጀክት አድራሻውን፣ ራስጌውንና ተግባሩን በየተራ ይሰበስባል፤ በመጨረሻም የማይለወጥ ጥያቄ ያስረክባል። ክፍት ቦታ ያለበት አድራሻ ሲመጣም፣ ገና ከመላኩ በፊት አልቀበልም ይላል።

አንዳንዶች ከዚህ ጣጣ ለመሸሽ ስሙን በላቲን ፊደል ይጽፉታል። ነገር ግን እስቴን አንዱ በአንድ አናባቢ፣ ሌላው በሁለት ይጨርሰዋል። አንዱ ወረዳ በመዝገብ ላይ ሁለት ይሆናል፤ የእስቴም ሰው ፋይሉን ፈልጎ ያጣል። ስለዚህ ፊደሉን ከመተው ጥያቄውን በሥርዓት መገንባት ይሻላል እንላለን።