ላስታን በእግር፦ ድንጋዩ፣ ውሃውና ከፍታው

ላሊበላ የደረሰ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ተሳልሞና ጎብኝቶ ይመለሳል። ከከተማዋ ጀርባ የቆሙትን የላስታ ተራሮች የሚያያቸው ከሩቅ፣ ለፎቶግራፍ ዳራ ያህል ብቻ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ የተፈለፈለበት ድንጋይ፣ ከናኩቶ ለአብ ዋሻ ጣሪያ የሚንጠባጠበው ጠበልና በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ቁንጮ ላይ የሚበቅለው ጅብራ የተባለ ተክል ግን የአንድ ታሪክ ክፍሎች ናቸው። ታሪኩን ጠንቅቆ የሚያውቀው በእግሩ የሚወጣ ሰው ነው። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ሰው ከከተማዋ ተነስቶ እስከ ተራራው ጫፍ የሚያየውን ሁሉ በሳይንስ ዓይን ያስረዳል።

ከእሳት የተገኘ ድንጋይ

ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በዛሬው የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታ ላይ ምድር በረጃጅም ስንጥቆች ተከፍታ ቅልጥ ዓለት አፈሰሰች። በአንዱ ፍሳሽ ላይ ሌላው እየተደረበ ባሳልት የተባለው ጥቁር ድንጋይ በመቶዎችና በሺዎች በሚቆጠሩ ሜትሮች ውፍረት ተከመረ። አብዛኛው ፍሳሽ የወጣው በአንድ ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ጊዜ ውስጥ ነው። ይህም በምድር ዕድሜ ሲለካ በጣም አጭር ጊዜ ነው። በላስታ ገደሎች ላይ እንደ ደረጃ ተደራርበው የሚታዩት እርከኖች እነዚያ ፍሳሾች ናቸው። ቀጥ ያለው ግድግዳ የጠንካራው ባሳልት ሲሆን ገበሬው የሚያርሰው ተዳፋት ደግሞ ለስላሳው ንብርብር የፈረሰበት ነው።

የላሊበላ ድንጋይ ግን ከዚህ ጥቅጥቅ ባሳልት ይለያል። እሳተ ገሞራው ጋዝ የበዛበትን ቅልጥ ዓለት ወደ ላይ ሲተፋው ጋዙ እየፈላ ይወጣል፤ ቁርጥራጩም በአየር ላይ ቀዝቅዞ ይወድቅና ይከማቻል። ስኮሪያ የሚባለው ይህ ድንጋይ እንደ እንጀራ ዓይናማ ነው። በውስጡ ያለው ብረት ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ደግሞ ቀይ ቀለም ይይዛል። ለመሮ የሚበገር፣ ግን ተጠርቦ ሲቆም የራሱን ክብደት የሚሸከም ድንጋይ በመሆኑ ለጠራቢዎቹ ተስማሚ ሆነ። ጥቅጥቅ ያለው ባሳልት ቢሆን ኖሮ ሥራው እጅግ በከበደ ነበር።

ሥራው የሚጀምረው ከላይ ነው። በመጀመሪያ ዙሪያውን ጥልቅ ቦይ ተቆፍሮ ሕንፃው የሚወጣበት ድንጋይ ከተራራው ይለያል፤ ቀጥሎ ጣሪያው፣ ግድግዳው፣ መስኮቱና በሩ ይቀረጻል፤ በመጨረሻም ውስጡ ይፈለፈላል። ከላይ ወደ ታች መሥራት ለውጪው ግድግዳ መወጣጫ ማቆምን ያስቀራል። ይሁን እንጂ አንዴ የተቆረጠ ድንጋይ ተመልሶ አይቀጠልምና ጠራቢው ሳይጀምር የሕንፃውን መልክ በአእምሮው መያዝ ነበረበት። ከሁሉም ትልቁ የሆነው ቤተ መድኃኔ ዓለም 33 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ 12 ሜትር ያህል ወደ ታች ወርዶ በመስቀል ቅርጽ ቆሟል። አብያተ ክርስቲያናቱ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ድንጋዩን ለመጥረብ ያመቸው ጠባይ ለጉዳትም ያጋልጠዋል። ዓይናማ ድንጋይ ውሃ ይጠጣል። ከመጠረቡ በፊት ጀምሮ በውስጡ ያሉት ቋሚ ስንጥቆችም የዝናብ ውሃ ወደ ጥልቁ ይመራሉ። በሐምሌና በነሐሴ ርሶ በበጋ የሚደርቅ ድንጋይ በዘመናት ብዛት ማዕድኑ ወደ ሸክላነት ይለወጣል። ሸክላ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ድንጋዩም ቀስ በቀስ ይላላጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአምስቱ አብያተ ክርስቲያናት ላይ ትላልቅ መጠለያዎች የተተከሉት ይህን የዝናብ ጉዳት ለመከላከል ነው። መጠለያዎቹ ራሳቸው ለቅርሱ ያሰጋሉ የሚል ቅሬታም ከአካባቢው ሕዝብና ከካህናቱ ሲሰማ ቆይቷል።

ዝናቡ ወዴት ይሄዳል?

ከከተማዋ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የናኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ከዋሻው ጣሪያ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ከሥሩ የተቀመጡት የድንጋይ ገበታዎችም ይቀበሉታል። ምእመናን ለጠበልነት የሚጠቀሙበት ይህ ውሃ ተራራው ላይ የወረደ ዝናብ ነው። ዝናቡ በስንጥቅና በዓይናማው ንብርብር ውስጥ ቀስ እያለ ሰርጎ ይወርድና ውሃ የማያሳልፍ ንብርብር ሲያጋጥመው ወደ ጎን ይሄዳል፤ ንብርብሩ በገደሉ ፊት ሲቆረጥም ይወጣል። ጉዞው አዝጋሚ ስለሆነ ዝናብ ካቆመ ከወራት በኋላም ጠብታው አይቋረጥም። ዋሻው ራሱ የዚሁ ሂደት ውጤት ነው፦ ከታች ያለው ለስላሳ ንብርብር እየተሸረሸረ ሲያልቅ ከላይ ያለው ጠንካራ ባሳልት ጣሪያ ሆኖ ይቀራል። በላስታ ምንጭ፣ ዋሻና ገዳም አንድ ቦታ ላይ የሚገናኙት ስለዚህ ነው። ከነዚህ ተራሮች የሚወርደው ውሃ ደግሞ ከተከዜ ጋር ሆኖ በአትባራ በኩል እስከ ዓባይ ይደርሳል።

በመኪና መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው ይምርሃነ ክርስቶስ የነገሩን ሌላ ገጽታ ያሳያል። ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በፊት እንደተሠራ የሚነገርለት ይህ ቤተ ክርስቲያን አልተፈለፈለም፤ እንጨትና ድንጋይ እየተነባበሩ በአክሱም ሥነ ሕንፃ ስልት በሰፊ ዋሻ ውስጥ ታንጿል። እንጨትን የሚያበሰብሱት ፈንገሶች ለመኖር እርጥበት ያስፈልጋቸዋል። የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ሥራቸው ይቆማል። ዋሻው ዝናቡንና ፀሐዩን ስለከለከለ እንጨቱ ከ800 ዓመታት በላይ ቆየ። በላሊበላ ዝናብ የሚመታው ድንጋይ ሲሸረሸር በይምርሃነ ክርስቶስ በደረቅ የተጠበቀው እንጨት ኖረ። የቅርስ ጥበቃ ሁሉ መጀመሪያ የውሃን መንገድ ማወቅ እንደሆነ ለመረዳት ከነዚህ ሁለት ቦታዎች የተሻለ ትምህርት ቤት የለም።

ወደ ላይ ሲወጣ

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ላይ ናት። ከከተማዋ በእግር ወይም በበቅሎ የሚወጣባት የአሸተን ማርያም ገዳም ከ3000 ሜትር በላይ ትገኛለች። ከእርሷ ጀርባ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ 4260 ሜትር ገደማ ይደርሳል። አየር ሽቅብ በወጣ ቁጥር በየ1000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ የተራራው ጫፍ ከከተማዋ ይልቅ 11 ዲግሪ ገደማ ይበርዳል። መንገደኛውም በአንድ ጉዞ ከወይራና ከጥድ ጀምሮ በገብስ ማሳ አልፎ ወደ አስታው ቁጥቋጦ፣ ከዚያም ወደ ጓሳው ሣርና ወደ ጅብራው ይሸጋገራል።

ውርጭ ላይ መኖር ልዩ ብልሃት ይጠይቃል። ቀን ፀሐይ የሚያቃጥልበት፣ ሌሊት ውሃ የሚረጋበት ቦታ ነውና። ጅብራ ሲመሽ ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ ሰብስቦ ለጋውን እምቡጥ ከብርድ ይከልላል፤ ሲነጋ መልሶ ይዘረጋቸዋል። ለብዙ ዓመታት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ ረጅም የአበባ ዘንግ ያወጣል፤ ዘሩን በትኖም ይሞታል። ስለዚህ አንድ ጅብራ መቁረጥ የብዙ ዓመታት ዕድገትን ማጥፋት ነው።

በገደሉ አፋፍ የሚሰማሩት ጭላዳዎች በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙ ናቸው። ከዝንጀሮ ዘመዶቻቸው ሁሉ በዋናነት ሣር ግጠው የሚኖሩት እነርሱ ብቻ ናቸው፤ ሌሊት ከአውሬ ለመሸሽ በገደል ፊት ላይ ያድራሉ። ከጓሳው መካከል አይጥ የሚያድነው ቀይ ቀበሮም የዚህች አገር ብቻ ነው። በመላው ኢትዮጵያ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ሲሆኑ አቡነ ዮሴፍ ካሉባቸው ጥቂት ተራሮች አንዱ ነው። ዋና ጠላቶቻቸው የእርሻ መስፋፋትና ከውሻ የሚተላለፉ በሽታዎች፣ በተለይም የእብድ ውሻ በሽታ ናቸው። በተራራው ግርጌ ያሉ ውሾችን ማስከተብ ቀበሮውንም ሰውንም ያድናል።

ትንፋሽና ከፍታ

አዲስ አበባ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ከዚያ የሚሄድ ሰው ላሊበላ ላይ እምብዛም ለውጥ አይሰማውም። ከድሬዳዋ፣ ከአፋር ወይም ከባሕር ማዶ የመጣ ግን ደረጃ ሲወጣ ቶሎ ይደክማል። ምክንያቱ የአየር ግፊት መቀነስ ነው። በላሊበላ ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ሲሆን በአቡነ ዮሴፍ ጫፍ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ አልተለወጠም፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው መጠን ግን ያንሳል። በዚሁ ምክንያት ውሃ ላሊበላ ላይ 92 ዲግሪ፣ ተራራው ጫፍ ላይ ደግሞ 86 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ጫፉ ላይ ድንች ለመቀቀል ረጅም ጊዜ የሚወስደው ለዚህ ነው።

የእንግዳ ሰው አካል በመጀመሪያ ቶሎ ቶሎ በመተንፈስና የልብ ምትን በመጨመር ይቋቋማል፤ በሳምንታት ውስጥም ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋሳት ያመርታል። በትውልድ የደጋ ሰው የሆነው ወገናችን ግን ሌላ መንገድ አለው። ሲንቲያ ቢል የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱን አሳተሙ። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን በወንዶቹ በአማካይ በዴሲሊትር 15.9 ግራም፣ በሴቶቹ 15.0 ግራም ነበር፤ ሄሞግሎቢናቸውም 95.3 በመቶ በኦክስጅን ተሞልቶ ተገኘ። ይህ በባሕር ወለል አካባቢ ከሚኖር ሰው ጋር ይቀራረባል። የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ሄሞግሎቢናቸውን ጨምረው፣ የቲቤት ሰዎች ደግሞ ዝቅተኛ የኦክስጅን መጠን ችለው ይኖራሉ። የሰው ልጅ ለአንድ ችግር በሦስት አህጉራዊ ስፍራዎች ሦስት የተለያዩ መልሶች አግኝቷል፤ ከነዚህ አንዱ የኛ ደገኞች ነው።

ማሩና ጠጁ

የላስታ ማር ስሙ የታወቀ ነው። ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ በሚገኘው ቢልባላ ጊዮርጊስ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ውስጥ የሰፈሩ ንቦች አሉ፤ ማራቸውም ለፈውስ ይፈለጋል። ሳይንስም ማር ተሕዋስያንን እንደሚገታ ያውቃል፦ ውሃው ጥቂት ነው፣ አሲድነት አለው፣ ንቧ ከምትጨምርበት ኢንዛይምም ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ይፈጠርበታል። ውሃ ሲጨመርበት ግን እርሾዎች ይነቃሉና ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣሉ፤ ጌሾው ደግሞ ምሬቱን ይሰጠዋል። ጠጅ የሚሆነው እንዲህ ነው። ከቆላ የመጣ መንገደኛ ግን በመጀመሪያው ምሽት ብርሌውን ቢያቆይ ይሻለዋል፤ አልኮል በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽን ያዳክማልና።

ለመንገደኛው

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለእግር ጉዞ ይመቻል። ለገና በዓል ግን ከተማዋ በምእመናን ስለምትሞላ ማረፊያ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ከመነሳትዎ በፊት የመንገዱን ሰላም ከአካባቢው ሰዎች ይጠይቁ። የመጀመሪያውን ቀን ለከተማዋ፣ ሁለተኛውን ለአሸተን ማርያም፣ ሦስተኛውን ለይምርሃነ ክርስቶስ ይስጡ፤ ወደ አቡነ ዮሴፍ የሚወጡት ከዚያ በኋላ ይሁን። ከ3000 ሜትር በላይ የሚያድሩበትን ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አያድርጉት። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረዎት መውጣቱን ያቁሙ፤ ካልተሻለዎት ይውረዱ። ወፍራም ልብስና ብዙ ውሃ አይርሱ፤ ኮፍያም ያድርጉ፤ በከፍታ ላይ ፀሐይ ይበልጥ ታቃጥላለችና።

አስጎብኚም ሆነ ባለ በቅሎ ከአካባቢው ይቅጠሩ፤ በአጎራባቹ መቄትና በላስታ ማኅበረሰቡ ራሱ በሚያስተዳድራቸው ማረፊያዎች ይደሩ። ጦርነትና የጎብኚ መጥፋት የጎዳው ይህ ሕዝብ ቅርሱንም ተራራውንም የሚጠብቀው ከእነርሱ ሲጠቀም ነው። በድንጋዩ ላይ ስም አይጻፉ፣ ጅብራ አይቁረጡ፣ ቆሻሻዎን ይዘው ይውረዱ። ላሊበላ ለመድረስ የሚወጣው ገንዘብና ድካም ያው ነው፤ ሦስት ቀን ቢጨምሩበት ላስታን ሙሉ ያገኛሉ።