ለሐኪም በምን ቃል እንንገር?

በአገራችን ጨዋ የሆነ ሰው ከወገቡ በታች ያለውን የሰውነቱን ክፍል በስሙ አይጠራም። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው ልማድ በማዕድ ዙሪያም ሆነ በአደባባይ ተጠብቆ እንዲኖር እኛም እንወዳለን። ነገር ግን ይኸው ልማድ ከሐኪም ፊት ሲቀርብ ጉዳቱ ከጥቅሙ ስለሚያመዝን፣ ለመምህራንና ለከተማ ነዋሪዎች ነገሩን ገልጠን ለማስረዳት ፈለግን።

ሐኪም ምርመራውን የሚጀምረው ከበሽተኛው ቃል ነው። በሽተኛው «ሆዴን» ሲል ሐኪሙ ስለ ጨጓራ፣ ስለ አንጀት፣ ስለ ወስፋትና ስለ አሜባ ያስባል፤ ዓይነ ምድር እንዲመረመርም ያዛል። «ወገቤን» ሲል ደግሞ ስለ አከርካሪና ስለ ጡንቻ ያስባል። በሽተኛው በልቡ የያዘው ግን ሽንቱን ሲሸና የሚያቃጥለውን ሕመም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለቱም በጨዋ ደንብ ተነጋግረው፣ አንዱ ያልታመመበትን ክፍል መድኃኒት ይዞ ይሄዳል። «እንትኔን» የሚለው ሰው እንኳ ይሻላል፤ ቢያንስ ሐኪሙ «የትኛውን?» ብሎ እንዲጠይቅ ያስገድደዋል።

መምህራን በተለይ ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ከ12 እስከ 18 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚገኝ ወንድ ልጅ አንዳንድ ጊዜ የዘር ፍሬው በተንጠለጠለበት ገመድ ላይ ይጠመዘዝና ደም ይቋረጥበታል። ሕመሙ በድንገት የሚነሣና እጅግ የበረታ ነው፤ ብዙ ጊዜም ትውከት ይከተለዋል። ሕመሙ ወደ ታችኛው ሆድ ስለሚዛመት ልጁ «ሆዴን አመመኝ» ማለቱ ፍጹም ሐሰት አይደለም፤ ኀፍረቱም በዚያው እንዲያቆም ይመክረዋል። እንግዲህ ዝንጅብልና ጤና አዳም ጠጥቶ እንዲተኛ ይደረጋል። ዳሩ ግን የተጠመዘዘው የዘር ፍሬ ሊድን የሚችለው በ6 ሰዓት ጊዜ ውስጥ በቀዶ ሕክምና ከተፈታ ነው፤ ከዚያ በኋላ ተስፋው በየሰዓቱ እየመነመነ ይሄዳል። ጧት በ2 ሰዓት የጀመረ ሕመም ከቀኑ 8 ሰዓት ሳያልፍ ከቀዶ ሐኪም እጅ መድረስ አለበት ማለት ነው። ስለዚህ በድንገት ሆዱን ይዞ የተቀመጠ ወንድ ተማሪ ሲገጥመው፣ መምህሩ ልጁን ከጓደኞቹ ለይቶ «ብሽሽትህን ወይስ የዘር ፍሬህን ያምሃል?» ብሎ በግልጽ ይጠይቀው። ልጁ ቃሉን ከመምህሩ አፍ ከሰማው እርሱም ለመናገር ይደፍራል።

«ታዲያ ያልረከሰ ቃል ከየት እናምጣ?» የሚሉ አሉ። ቋንቋችን በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። «ኀፍረተ ሥጋ» ከግእዝ የመጣ የታወቀ ቃል ነው። «አባለ ዘር» ማለትም የዘር ክፍሎች ማለት ነው፤ በዕድር መዝገብ ላይ «አባል» ብለን ስንጽፍ ማንም አላፈረም። «ብልት» የሚለው ቃልም ክፍል ማለት ነው፤ ባለሙያዋ ሴት ዶሮዋን 12 ብልት አድርጋ ስታወጣ ትመሰገንበታለች። ይሁን እንጂ «ብልት» ብቻውን ለወንድም ለሴትም ስለሚነገር፣ በተለይ ስለ ሌላ በሽተኛ ለሚናገር ሰው፣ «የወንድ ብልት»፣ «የሴት ብልት» ብሎ መለየት ይገባል። «የዘር ፍሬ» ወይም «ቆለጥ»፣ «ፊንጢጣ»፣ «የሽንት ፊኛ»፣ «የማሕፀን በር» የሚሉትም ንጹሓን ናቸው። «ዓይነ ምድር» እና «የወር አበባ» በተሸፈነ አነጋገር የተሠሩ ቢሆኑም ሰሚው ሁሉ አንድ ትርጓሜ ስለሚሰጣቸው ለሐኪም የተመቹ ናቸው። እንግዲህ ጉዳት የሚያመጣው የቃሉ መሸፈን ሳይሆን ሁለትና ሦስት ነገር ማመልከቱ ነው። ከመንገድ የተለቀመ ቃል ብቻ የሚያውቅ በሽተኛም እርሱኑ ይናገር፤ ሐኪሙ የከፋ ሰምቶ ያውቃል።

ሴቶች ስለ «ማሕፀን» ሲናገሩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማሕፀን በውስጥ ያለ፣ ፅንስ የሚያድርበት ክፍል ነው። «ማሕፀኔን ያሳክከኛል» የምትል ሴት የሚያሳክካት ግን በውጭ ያለው ብልቷ ነው። እንደዚሁም የበሽታ ስም ለራስ መስጠት አይበጅም፤ ከዓይነ ምድር ጋር ደም ያየ ሰው ሁሉ «ኪንታሮት ነው» ካለ፣ የአሜባ ቁስል ወይም የአንጀት ነቀርሳ ያለበትም በዚሁ ስም ተሸፍኖ ይቀራል።

«ሽንቴ አስቸገረኝ» የሚለውም ቃል ሁለት ፍጹም የተለያዩ ነገሮችን ይይዛል። «ቶሎ ቶሎ እየመጣ ያቃጥለኛል» ማለት አብዛኛውን ጊዜ በመድኃኒት የሚድን የሽንት ቧንቧ ሕመም ነው። ከአስጨናቂ ምጥ በኋላ «ሳላዝዘው ሌትና ቀን ይፈስሰኛል» ማለት ግን ፌስቱላ ሊሆን ይችላል፤ የሕፃኑ ራስ ለብዙ ጊዜ የተጫነው ሥጋ ሞቶ በፊኛውና በብልቷ መካከል ቀዳዳ ሲከፈት የሚደርስ ነው። በ1951 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥተው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሥራ የጀመሩት ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን፣ በኋላም ለዚሁ ሕመም ብቻ ሆስፒታል ያቋቋሙት፣ ቀዳዳው በቀዶ ሕክምና እንደሚደፈን በብዙ ሺሕ ሴቶች ላይ አሳይተዋል። ነገር ግን ሴቲቱ «ይፈስሰኛል» ካላለች ማንም ወደዚያ አይልካትም።

ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሌላም ችግር ይጨመራል። እናት አፋን ኦሮሞ፣ ሐኪሙ አማርኛ ብቻ የሚናገሩ ሲሆኑ፣ ትምህርት ቤት የገባ ልጇ አስተርጓሚ ሆኖ ይቆማል። በወለደችው ልጅ ፊት ግን አትናገርም፤ እርሱም ቢሰማ አያስተረጉምም። ስለዚህ ሴት ነርስ ወይም አዋላጅ እንድታስተረጉም መጠየቅ መብቷ ነው። የሚያስተረጉሙ ሁሉ «ቃማ ሳላ» ኀፍረተ ሥጋን፣ «ገደሜሳ» ማሕፀንን እንደሚያመለክቱ ለይተው ቢያውቁ፣ ሁለቱንም «ሆድ» ብለው ከማለፍ ይድናሉ።

ቃሉ ከአፉ አልወጣ ያለው ሰው፣ ማንበብና መጻፍ እስከቻለ ድረስ፣ ከቤቱ ጽፎ ይምጣና ወረቀቱን ለሐኪሙ ይስጥ። ቦታውን፣ የጀመረበትን ቀን፣ ፈሳሽ ካለ መልኩን፣ የትዳር ጓደኛም ታምሞ እንደ ሆነ ያመልክት፤ ለምሳሌ፦ «በወንድ ብልቴ ጫፍ ላይ ከ8 ቀን ጀምሮ ቁስል አለ፤ አያመኝም። በቀኝ ብሽሽቴም ንፍፊት ወጥቷል። ባለቤቴ አልተመረመረችም።»